ሁለት ስልክ፣ አንድ ቴሌክስ፦ ፍራንክፈርት ላይ ስላደረ መንገደኛ የተደረገ ጥናት

ከስቶክሆልም ተነስቶ በፍራንክፈርት በኩል ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሐበሻ የማታው በረራ ሲዘገይበት ምን ይሆናል? ለዚህ ጥያቄ እስካሁን የተሰጠው መልስ «ምን ይሆናል፣ ያድራላ!» ከሚለው አላለፈም። ይህ ጥናት ክፍተቱን ለመሙላት የቀረበ ነው።

በቅድሚያ የማደሩ ምክንያት ይብራራ። በፍራንክፈርት አውሮፕላን ማረፊያ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ ከምሽቱ 5 ሰዓት እስከ ንጋቱ 11 ሰዓት መደበኛ በረራ አይካሄድም። ክልከላው የአካባቢው ነዋሪ እንዲተኛ የወጣ ነው። በዚህ የተነሳ እዚያ ጥቂት መዘግየት የሚባል ነገር የለም፤ ጥቂት የዘገየ የማታ በረራ ሊያድር ይችላል። ነዋሪው ይተኛል፣ በእሱ ፈንታ መንገደኛው ያነጋል።

አዳሪዎቹ በሁለት ይከፈላሉ። የአውሮፓ መኖሪያ ፈቃድ ያለው ወደ ሆቴል ይወሰዳል። ከአገር ቤት ወደ አሜሪካ ሲያልፍ የተያዘውና የመግቢያ ቪዛ የሌለው ደግሞ ከትራንዚት ክልሉ አይወጣም፤ ጫማውን አውልቆ፣ ሻንጣውን ተንተርሶ፣ አግዳሚ ወንበር ላይ ይጋደማል። ሌላ ምደባም ታስቦ ነበር፤ ሶኬት ያገኙና ሶኬት የሚፈልጉ በሚል። ሁለቱ ወገኖች ሌሊቱን ሙሉ ቦታ ሲለዋወጡ ስለሚያድሩ ግን ተትቷል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንለፍ። የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 በ9ኛው አንቀጹ ለዘገየበት መንገደኛ የሚገባውን ዘርዝሯል፤ ከሚጠብቀው ጊዜ ጋር የሚመጣጠን ምግብና መጠጥ፣ ማደር ግድ ሲሆን ሆቴልና ማመላለሻ። ቀጥሎም ያለ ክፍያ ሁለት የስልክ ጥሪ፣ ወይም ቴሌክስ፣ ወይም ፋክስ፣ ወይም ኢሜይል ፈቅዷል። የሕግ አውጪው ሐሳብ ግልጽ ነው፤ አንዱ ስልክ ለቤት፣ አንዱ ለመሥሪያ ቤት። ደንቡ ሲረቀቅ በአዳራሹ ውስጥ አንድም ሐበሻ እንዳልነበረ ከዚህ ቁጥር ብቻ መረዳት ይቻላል።

የመጀመሪያው ስልክ ብዙ አያከራክርም። የሚደወለው ቦሌ ወጥቶ ለሚቀበለው ሰው ነው። ተቀባዩ መኪና ተውሷል፣ ሕፃናቱን አልብሷል፣ አበባ ገዝቷል። ነገሩን ሲሰማ «ኧረ ችግር የለውም!» ይላል። ችግር አለው፤ መኪናው ነገ የባለቤቱ ነው።

ጥናቱ በሰፊው የሚመለከተው ሁለተኛውን ስልክ ነው። ይህ ለእናት የሚደወለው ነው።

አንደኛ፣ ለእናት በቀጥታ አይደወልም። መንገድ ላይ ነው የተባለ ልጅ በሌሊት በራሱ ስልክ ሲደውል ምን ሊያስከትል እንደሚችል ማንም ያውቃል። በመጀመሪያ ለታላቅ እህት ይነገራል። እህት ለጎረቤቱ ለጋሽ እገሌ ትነግራለች። ጋሽ እገሌ እንደ አጋጣሚ ጎራ ያሉ መስለው ይገባሉ፤ ይቀመጣሉ፤ ስለ ዝናቡ ያነሳሉ። በዚያ ሰዓት ጎራ ብለው ስለማያውቁ ግን እናት ገና ከበሩ ሲገቡ ነጠላዋን ትስባለች።

ሁለተኛ፣ የመክፈቻው ቃል። ልማዱ «ሁሉም ሰላም ነው» ብሎ መጀመር ነው። ይህ ዓረፍተ ነገር አንድ ጊዜ ሲባል ያሳስባል፤ ሁለት ጊዜ ሲባል ያስነሳል፤ ሦስት ጊዜ ሲባል ጎረቤት ይሰበሰባል። ሳይባል ቢቀር ደግሞ «ሰላም ነው እንኳ አላሉኝም» ያሰኛል። ለዚህ መፍትሔ አልተገኘም።

ሦስተኛ፣ የሚነገረው ምክንያት። አየር መንገዶች መዘግየትን የሚመዘግቡባቸው ባለሁለት አሃዝ ቁጥሮች አሏቸው። ቁጥሮቹ የተዘጋጁት ለባለሙያ ስለሆነ በእናት ፊት እንዴት እንደሚታዩ እስካሁን የመረመረ የለም። እንደሚከተለው ተመርምረዋል።

ቁጥር 41፣ የአውሮፕላን ብልሽት። ይህ ፈጽሞ አይነገርም። «ተበላሽቶ ተሠራ» ማለትም አያድንም፤ ተሠራ የሚለው ቃል ጆሮዋ አይደርስም። ልጁ በሌላ አውሮፕላን እንዲመጣ፣ ከተቻለም በመኪና እንዲመጣ ትጠይቃለች።

ቁጥር 75፣ በክንፉ ላይ ያለውን በረዶ ማስለቀቅ። ሰማዩን የሚመለከት በመሆኑ ማንም አይወቀስበትም፤ በዚህ ይመረጣል። ጉድለቱ በረዶ የሚለውን ቃል መያዙ ነው። «ለመሆኑ ምን ለብሷል?» የሚል ጥያቄ ይከተላል፤ መልሱ ምንም ቢሆን ቀጥሎ «ውስጡንስ?» ትላለች።

ቁጥር 15፣ ከመሳፈሪያው በር የቀረ መንገደኛን መፈለግና ሻንጣውን ማውረድ። ይህ ምክንያት በጥንቃቄ ተመርጦ ቢቀርብ እናት ስለ ልጇ መጨነቋን ወዲያው ታቆማለች። ስለ ጠፋው መንገደኛ መጨነቅ ትጀምራለች። ምን አግኝቶት ይሆን? እናቱስ ሰምታለች? ልጇ ቤት ከገባ በኋላም ያ ሰው ይነሳል፤ እስኪገኝ ድረስ በጸሎት ይታሰባል። ስለዚህ ቁጥሩ ጭንቀትን አይቀንስም፣ ያባዛል።

ቁጥር 93፣ ተረኛው አውሮፕላን ከሌላ በረራ ዘግይቶ መድረሱ። በአማርኛ «የሚወስደን ገና አልመጣም» ተብሎ ይነገራል። እዚህ ላይ ጥናቱ ዋናውን ግኝት ያቀርባል፤ እናት ይህን በአንድ ጊዜ ትረዳለች። ሜክሲኮ አደባባይ ታክሲ ሰልፍ ላይ ቆማ ያልመጣ መኪና ያልጠበቀችበት ዓመት የለም። «አይ እንግዲህ፣ ይመጣል» ትላለች። ከመቶ ቁጥሮች መካከል ያለ ማብራሪያ የሚያልፈው ይህ አንዱ ብቻ ነው፤ ደግነቱ እውነት የመሆን ዕድሉም ሰፊ ነው።

ይህ ሁሉ ካለፈ በኋላ ስልኩ ለእናት ይሰጣል። እናት የምትጠይቀው «በላህ ወይ?» ነው። ልጁ በተሰጠው ኩፖን ቀዝቃዛ ሳንድዊች በልቷል። ዕለቱ ዓርብ ከሆነ ውስጡ ምን እንደነበረ አይዘረዘርም። ቴሌክስ ከስልክ የሚበልጠው በዚህ ብቻ ነው፤ ማሽኑ አጠገብ ያልተቀመጠች እናት መልሳ «ምን በላህ?» ልትል አትችልም። አርቃቂዎቹ በ2004 ቴሌክስን ያልሰረዙት ይህን አስበው ከሆነ ምስጋና ይገባቸዋል።

በመጨረሻም እናት ልጇን ታጽናናለች። «እንኳንም ዘገየህ፣ እኔም ገና ሽንኩርቱን እያቁላላሁ ነው» ትላለች። ዶሮው ግን ከትናንት ጀምሮ ደርሷል፣ ቄጠማው ተጎዝጉዟል፣ አረቄውም ቀርቧል። በዚህ ጥናት ሁሉ የተገኘው ሐሰተኛ መረጃ ይህ አንዱ ነው፤ አጥኚው ሊያርመው አልፈለገም።

ከዚህ በኋላ ያሉት ስልኮች በደንቡ አልተሸፈኑም። አክስት አለች፤ «ሌላው ሁሉ ሰምቶ እኔ ከሰው ልስማ?» የምትል። ሌሊቱን ያልተደወለለት አጎት አለ፤ እሱ ምንም አይልም፣ በሚቀጥለው ሰርግ ላይ ብቻ ከሩቅ ይቀመጣል። ለሁሉም ይድረስ ተብሎ በቤተሰቡ የቴሌግራም ቡድን የሚጻፍ መልእክት አያድንም። ለሁሉም የተጻፈ ለማንም እንዳልተጻፈ ይቆጠራል።

ጥናቱ ስለ ካሳ ሌላ ምዕራፍ እንዲኖረው ታቅዶ ነበር። ደንቡ ከ3,500 ኪሎ ሜትር በላይ ለሆነ እንዲህ ያለ ጉዞ እስከ 600 ዩሮ ካሳ አስቀምጧል። የአውሮፓ ኅብረት ፍርድ ቤትም በ2009 ሦስት ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይቶ የደረሰ መንገደኛ ካሳ እንደሚገባው ወስኗል፤ አየር መንገዱ ሊያስቀረው የማይችል ልዩ ሁኔታ ካልገጠመ በቀር። ምዕራፉ ግን ተሰርዟል። ስለ መዘግየቱ ዜናውን በእህትና በጎረቤት በኩል ለማድረስ ያ ሁሉ ጥንቃቄ አስፈልጓል። የ600 ዩሮው ዜና መልእክተኛ አይፈልግም፤ በብር ተመንዝሮ ከመንገደኛው ቀድሞ ቦሌ ይደርሳል። በመሆኑም አጥኚው አንድ ምክር ብቻ ትቶ ሥራውን ያቆማል፦ ስለ ካሳው ለማንም አይደወልም።