በሦስት ቀን ቫይኪንግ

ወዳጄ የቫይኪንጎቹን ተከታታይ ፊልም ከጨረሰ ወዲህ አመሉ ተቀይሯል። ባለፈው ሰሞን ማኪያቶው እስኪቀዘቅዝ ድረስ ስልኩን እየነካካ «የቫይኪንጎቹን ቋንቋ ጥንታዊ ኖርስንና ጥንታዊ እንግሊዝኛን ልማር ነው። ሁሉም ኢንተርኔት ላይ በነፃ አለ» አለኝ።

እውነቱን ነው፣ አለ። ጆሴፍ ቦስዎርዝ ጀምሮት በ1876 (ዘመኑ ሁሉ እንደ ፈረንጆቹ ነው) ሲሞት ቶለር ተረክቦ በ1898 ያደረሰው የአንግሎ ሳክሰን (የጥንታዊ እንግሊዝኛ) መዝገበ ቃላት አለ። የ1874ቱ የክሊስቢና የቪግፉሶን የጥንታዊ አይስላንድኛ (የኖርስ) መዝገበ ቃላትም አለ። ሁለቱም ወዳጄ ስልክ ውስጥ ገብተዋል። ሲገቡ አይቻለሁ፤ ሲከፈቱ ግን አላየሁም።

ይልቅ ቶሎ የተከፈተው ፌስቡኩ ነው። ፎቶውን አንስቶ ባለ ቀንድ የራስ ቁር የደፋ ጢማም ተዋጊ ለጥፏል። ያንን ቀንድ ለዓለም ያስለመደው የባሕር ወንበዴ ሳይሆን የቲያትር ልብስ ነዳፊ ነው፤ ካርል ኤሚል ዶፕለር ለሙዚቃ ደራሲው ለዋግነር ኦፔራ ያሰናዳው፣ ያውም ቦስዎርዝ በሞተበት በ1876። በ1943 ኖርዌይ ውስጥ የርሙንድቡ ከተባለ ስፍራ የወጣው እውነተኛው የቫይኪንግ ቁር ቀንድ የሚባል ነገር አልበቀለበትም። ይህንን ብነግረው «ያለ ቀንድማ ማን ላይክ ያደርጋል?» ብሎ አፌን አስያዘኝ።

ከፎቶው ሥር ደግሞ ስሙን በሩን ፊደል ሊጽፍ ተነሣ። የቫይኪንጎቹ ፊደል 16 ብቻ ነው። «ተ» እና «ደ» በአንድ ምልክት ያድራሉ፤ «ከ» እና «ገ»ም እንዲሁ። «ደግ» ብሎ የጻፈው «ተክ» ተብሎ ቢነበብ ሩኑ ጥፋት የለበትም። ከሁለት መቶ በላይ ፊደል ቆጥሮ ያደገ ሰው እዚያ ጠባብ ጎጆ ውስጥ ሲጋፋ ማየት ያሳዝናል። «ጠ»ን የት ላስገባ ብሎ ግማሽ ቀን ፈጀ።

በመጨረሻ የጥንታዊ እንግሊዝኛው ሰዋስው ተከፈተ። የደረሰው ቃል «ስታን» ነው፤ ድንጋይ ማለት። «የድንጋይ» ሲሆን «ስታኔስ»፣ «ለድንጋይ» ሲሆን «ስታኔ»፣ ሲበዛ «ስታናስ»፣ «የድንጋዮች» ሲሆን «ስታና»፣ «ለድንጋዮች» ሲሆን «ስታኑም»። ወዳጄ ትክ ብሎ አየውና ስልኩን በግንባሩ ደፋው። «እኔ እንኳ በቀጥታ ከጥንታዊው የእንግሊዝኛ ግጥም ከቤዎልፍ ብራና ብጀምር ነበር የሚሻለኝ» አለ። «ምን ያደርጋል፣ በ2023 የብሪታንያ ቤተ መጻሕፍት በሳይበር ጥቃት ተመትቶ ዲጂታል ብራናዎቹ ተዘግተውብን ነበር።» ብራናው በ1731 ከእሳት ጠርዙ ተለብልቦ ተርፏል፤ ለወዳጄ ሰበብ ለመሆን የበቃው ግን አሁን ነው። 3182ቱ መስመሮች በንጹሕ ኅትመት እዚያው ስልኩ ውስጥ መተኛታቸውን ላስታውሰው አልፈለግሁም።

ካናዳ ውስጥ የቶሮንቶ ዩኒቨርሲቲ ምሁራን የጥንታዊ እንግሊዝኛን መዝገበ ቃላት ለማዘጋጀት በ1970 ተነሥተው ነበር። ከ«ዲ» ጀምረው ቃል በቃል እየመዘኑ፣ ግማሽ ምዕተ ዓመት አልፏቸው፣ ፊደሉን ገና አልጨረሱም። ይህን ሳወራለት ወዳጄ ከልቡ አዘነላቸው። «ምን ያንቀራፍፋቸዋል? ዳውንሎድ አያደርጉትም?»

ሳቄን መቆጣጠር አቃተኝ። ስቄ ስቄ ስጨርስ ግን ያ ሁሉ መጽሐፍ በነፃ መሆኑ አስጎመጀኝና «እስቲ ፎልደሩን ላክልኝ» አልኩት። ላከ። ስልኬ ግን «ቦታ የለም» ብሎ መለሰው። ምን ሞላው ብዬ ስፈትሽ፣ አምና «በሦስት ወር እወጣዋለሁ» ብዬ ያወረድኩት የግዕዝ ግስና ሰዋስው ተደርድሮ አገኘሁ። አንዱም አልተከፈተም።

ወዳጄ አንገቱን አስግጎ አየ። ከዚያ ምንም ሳይል ለሁለታችንም ሌላ ማኪያቶ አዘዘ።