ቅርሱን ከባለቤቱ የማዳን ጥበብ

ላሊበላን ከላሊበላ ሰው ለማዳን ቀን ከሌት የሚደክሙ ወገኖች ያለ ምስጋና መቅረታቸው ያንገበግበኛል። 11ዱ ውቅር አብያተ ክርስቲያናት ከ800 ዓመት በላይ ምን ዓይነት አደጋ ተጋርጦባቸው እንደኖረ እስቲ አስቡት! አጠገባቸው ሰው ይኖር ነበር። ያውም ዝም ብሎ አይኖርም፤ ያስቀድሳል፣ ልጁን ክርስትና ያስነሣል፣ ለገና ከሩቅ በእግሩ የመጣውን እንግዳ እግሩን አጥቦ ቤቱ ያሳድራል። እንዲህ ባለ ቸልተኝነት መሀል መትረፋቸው ከአለት ተፈልፍለው ከመውጣታቸው የሚበልጥ ተአምር ነው።

ደግነቱ እ.ኤ.አ. በ1978 በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ መዝገብ ሰፈሩና ባለሙያ ደረሰላቸው። የባለሙያ የመጀመሪያ ሥራው ጠላትን መለየት ነው። ጠላቱ ዝናብ ነው እንዳይባል፣ ዝናብን አዳራሽ ሰብስቦ ማወያየት አይቻልም። የአለቱ ስንጥቅ ነው እንዳይባል፣ ስንጥቅ ካሳ ተቀብሎ አይነሣም። ነዋሪ ግን ይነሣል። ተነሣም፤ በአብያተ ክርስቲያናቱ ዙሪያ የነበሩ ቤተሰቦች ወደ አዲስ ሰፈር ሄዱ።

እዚህ ላይ አንዲት እንቅፋት ነበረች። በቀይ ድንጋይ የተሠሩት ክብና ባለ ፎቅ የላስታ ቤቶች ራሳቸው ቅርስ ሆነው ተገኙ። ነገሩ በብልሃት ተፈታ፦ ቤቱ ቅርስ ነው፣ ውስጡ እሳት የሚያነደው ሰው ስጋት ነው። ጭስ የራቀው የሣር ክዳን ተባይ እንደሚጫወትበት የላስታ ገበሬ ሁሉ ያውቃል፤ ገበሬ ግን ጥናት አቅራቢ ሆኖ አያውቅም። አባቶች «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት ለወቀሳ ነበር። እኛ የአሠራር መመሪያ አድርገነዋል።

ዝናቡም ቢሆን አልተረሳም። በ2000 ዓ.ም. ገደማ በአውሮፓ ኅብረት ገንዘብ፣ በአራት ቦታ፣ ግዙፍ የብረት ምሰሶ ያላቸው መጠለያዎች ተተከሉ። ጊዜያዊ ናቸው ተባለ። ትውፊት እንደሚለው ንጉሥ ላሊበላ ያን ሁሉ ቤተ ክርስቲያን ፈልፍሎ የጨረሰው በሃያ ምናምን ዓመት ነው፤ ጊዜያዊው መጠለያ ሊደርስበት ትንሽ ቀርቶታል። በ2011 ዓ.ም. መጀመሪያ ነዋሪው ሰልፍ ወጥቶ የምሰሶው ክብደት ቅርሱን ሊጎዳው ነው ብሎ ጮኸ። ክፋት አልነበረበትም፤ የግንዛቤ እጥረት ነው። ለዚህም መድኃኒቱ የታወቀ ነው፦ ዐውደ ጥናት።

የምር ጥበቃ የሚካሄደው እዚያ ነው። ባነሩ ላይ «የማኅበረሰብ ተሳትፎ» በትልቁ ተጽፏል። የስም መመዝገቢያው ቅጽ ተራ ቁጥር፣ ስም፣ መሥሪያ ቤት፣ የባንክ ሒሳብ ቁጥርና ፊርማ አለው። ማኅበረሰቡ መሥሪያ ቤት ስለሌለው ሦስተኛው ሣጥን ላይ ይወድቃል። ከሻይ እረፍት በኋላ አቅጣጫ ይቀመጣል፣ ከምሳ በኋላ አቅጣጫው ለሚመለከተው አካል ይመራል፣ አመሻሽ ላይ አበል ይከፈላል። ኮቪድና ጦርነት ጎብኚ ሲያጠፉ ከአስጎብኚው እስከ ጠላ ቤቷ ያለው ሁሉ ጦሙን አድሯል፤ የአካባቢ ልማት የሚለው ርዕስ ግን ከአጀንዳው አንድም ቀን አልጠፋም።

ሥራው በዚህ እንዳይቆም እኔም የበኩሌን ሐሳብ ላዋጣ። ሰፈሩ ሰው አልባ ሲሆን ጎብኚ «ቦታው ሕይወት የለውም» ማለቱ አይቀርም። ያኔ ከባዶዎቹ ቤቶች አንዱ «የባህል ማሳያ» ተብሎ ይከፈትና እንዲህ የሚል ማስታወቂያ ይውጣ፦

«የሥራ መደብ፦ የላስታ እናት። ተግባር፦ ቡና መውቀጥ፣ እንግዳ መቀበል፣ እንደ ጥንቱ እግር ማጠብ። የሥራ ልምድ፦ በዚሁ ቤት ቢያንስ 30 ዓመት የኖረች። የቅጥር ሁኔታ፦ ጊዜያዊ። ማሳሰቢያ፦ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ በቤቱ ውስጥ መገኘት በቅርስ ጥበቃ ደንብ ያስጠይቃል።»