ሳሙና ከምሳ በኋላ

ተማሪ ሳለን ሰኞ ጠዋት ሰልፍ ላይ ጥፍራችን ይታያል። እጃችንን ዘርግተን፣ መዳፋችንን ወደ መሬት ደፍተን እንቆማለን፤ መምህራችን ማስመሪያቸውን ይዘው ያልፋሉ። ጥፍሩ የጠቆረ ጣቱን «ጯ!» ይደረጋል። ነገሩ ቶሎ ገባን፤ የሚታየው የእጅ ጀርባ ነው። ስለዚህ የእጅ ጀርባ ብቻ መታጠብ ጀመርን። መዳፋችን የእሑድን ብይ አፈር እንደያዘ ሰኞን በሰላም ያልፍ ነበር።

ምሳ ሰዓት ሌላ ጣጣ። ቧንቧው ያለው ግቢው ጥግ ነው፤ ደርሰው እስኪመለሱ ደግሞ የጓደኛ እንቁላል ፍርፍር አይጠብቅም። ምሳ ዕቃው ሙልጭ ካለ በኋላ ግን ሁሉም ወደ ቧንቧው ይሮጣል። ደብተር ላይ የዘይት አሻራ ከተገኘ የሒሳብ መምህሯ ምሕረት የላቸውማ! (ያልደረሰው በሹራቡ ይጠርጋል፤ የእኔ ሹራብ እጅጌ ሽሮ ሽሮ ይል ነበር።)

ልማዱን ከቤት ነው ይዘን የሄድነው። እንግዳ ሲመጣ አስታጣቢው እኔ ነኝ። ከምግብ በፊት ሰው የሚያቀርብልኝ ቀኝ እጁን፣ ያውም የጣቶቹን ጫፍ ነው። «ይበቃል ልጄ፣ እደግ!» ምርቃቱ ከውሃው ይበዛል። ከምግብ በኋላ ግን «ሳሙና የለም እንዴ?» ይመጣል፤ ቀኝም ግራም ይፈተጋል። የዶሮ ወጥ ሽታ እጅ ላይ መዋል የለበትም። ጀርሙ ከእንጀራው ጋር ተጠቅልሎ በክብር ገብቷል፤ በሳሙና የሚባረረው ምስኪኑ ወጥ ነው።

ደግነቱ ብቻችንን አይደለንም። በ1847 እ.ኤ.አ. ቪየና ውስጥ ኢግናዝ ዜመልቫይስ የሚባል ሐኪም፣ አስከሬን ሲመረምሩ ቆይተው ወደ ወላዶች የሚገቡ ባልደረቦቹን «እጃችሁን በክሎሪን ውሃ ታጠቡ» አላቸው። የሚሞቱት እናቶች ቁጥር አሽቆለቆለ። ብዙዎቹ ሐኪሞች ግን ተቀየሙ፤ የእኛ እጅ እንዴት ቆሻሻ ይባላል ብለው። ዶክተር እንዲህ ከሆነ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ላይ ምን ይፈረዳል?

በ2012 ዓ.ም. ኮሮና ሲመጣ በየበሩ ጀሪካን ተደረደረ፤ ሃያ ሰከንድ እየቆጠርን ተፈተግን። ኮሮናው ሲረሳ ጀሪካኑ ወደ ጠላ ቤቱ ተመለሰ።

ሰሞኑን ወደ ልጄ ትምህርት ቤት ሄጄ ቧንቧው ላይ ካልሲ ተንጠልጥሎ አየሁ። ውስጡ ሳሙና አለ፤ እንዳይሰረቅ መሆኑ ነው። ደስ ብሎኝ መዳፌንም ጀርባውንም ታጠብኩ። በሦስተኛው ቀን ስመለስ ሳሙናው ቧንቧው ሥር ቁጭ ብሏል፣ ማንም አልነካውም። የተሰረቀው ካልሲው ነው።