ሟች የማያሻው ውርስ

ለመውረስ አስቀድሞ ሰው መሞት አለበት ብለው የሚያምኑ የዋሆች ዛሬም አሉ። የ1952ቱን የፍትሐ ብሔር ሕግ ይጠቅሳሉ፤ ስለ ኑዛዜ፣ ስለ ተወላጅ፣ ስለ ውርስ አጣሪ ያወራሉ። ከዚያ ወዲህ አማርኛ የት እንደደረሰ አልሰሙም ማለት ነው።

በ1967 ዓ.ም. «ወረሰ» ከኋላ ቀርነቱ ተላቀቀ። ዝምድና ቀረለት፤ ኑዛዜም ቀረለት፤ የሟች መሞት ሳይቀር እንደ አላስፈላጊ ወግ ተቆጠረ። ታኅሣሥ ላይ ባንክና ኢንሹራንስ ተወረሱ። ጥር ላይ ፋብሪካና ኩባንያ ተከተለ፣ የካቲት 25 የገጠር መሬት፣ ሐምሌ 19 ደግሞ የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት። በሰባት ወር ውስጥ ይህ ሁሉ ንብረት ወራሽ ሲያገኝ ባለቤቶቹ አብዛኞቹ በሕይወት ነበሩ፤ የራሳቸውን ውርስ በሬዲዮ እየሰሙ። ለመሬት ካሣ አይከፈልም ሲባል ቅር ያላቸው ነበሩ። ኧረ ለመሆኑ ወራሽ ለሟች ካሣ ሲከፍል ማን አይቷል?

«ትርፍ» የምትለዋ ቃልም ልትመሰገን ይገባል። የምትኖርበት ቤት ነው፤ ሁለተኛው ግን ትርፍ ነው። ከጓሮዋ ሁለት የጭቃ ክፍል አቁማ በኪራዩ የቡናና የበርበሬ ወጪዋን የምትሸፍን መበለት፣ አንድ ቀን ጠዋት ስትነሣ ከነባለ ፎቁ ጋር በአንድ ጎራ ተሰልፋ ራሷን አገኘችው።

ሐሰት መናገር ኃጢአት ነውና የገጠሩን ልለይ። ለባለ ርስት እየገበረና እየተነቀለ የኖረ ጭሰኛ በየካቲቱ አዋጅ ቢጨፍር እውነቱን ነው። ብቻ በ1957 ተማሪው አደባባይ ወጥቶ የጮኸው «መሬት ለአራሹ» ብሎ ነበር። አዋጁ ሲታወጅ «አ» ወጥታ «ወ» ገባች፤ መሬት ለወራሹ ሆነ። አራሹ እንዲያርስ ተፈቀደለት። መሸጥ፣ ማስያዝ፣ ማከራየት የወራሹን ስሜት ይጎዳልና ተከለከለ።

በጥንቱ አማርኛ ሙጭጭ ያሉ ምን እንደገጠማቸው ለማየት ከቤተ መንግሥቱ ሌላ አያስኬድም። አስፋ ወሰን ከአርባ ዓመት በላይ «አልጋ ወራሽ» ሲባሉ ኖሩ። መስከረም 1967 ወታደራዊው ደርግ አባታቸውን አፄ ኃይለ ሥላሴን አውርዶ፣ ጄኔቭ ለሕክምና ሳሉ ንጉሥ ይሆናሉ አላቸው። መጋቢት ላይ ዘውዱን ራሱን ሻረው። በሥራ መደባቸው ላይ «ወራሽ» ተብሎ የተጻፈላቸው እሳቸው፣ የወረሰው ሌላ።

አባትየው ደግሞ የተወረሱት መስከረም 2 ነው፤ በቮልስዋገን ተጭነው ሲሄዱ። የሞቱት ነሐሴ 21። ቅደም ተከተሉ የተገለበጠ የሚመስለው የድሮውን ሰዋስው ለለመደ ብቻ ነው። በድሮው ወግ ወራሽ ሟቹን ይቀብራል፣ ተዝካር ያወጣል። አዲሱ ወራሽም መቅበሩን አልዘነጋም፤ እዚያው ቤተ መንግሥት ውስጥ ከወለል በታች ቀበራቸው። አጽማቸው በ1984 ተቆፍሮ ወጣ፤ ቅድስት ሥላሴ ካቴድራል ያረፈው በ1993 ነው። ተዝካሩ ትንሽ ዘገየ።

በ1983 ወራሹ ራሱ ተወረሰ። ያን ሰሞን ከሣጥን ሥር ቢጫ የሆነ ካርታ እያወጡ አቧራውን ያራገፉ አባወራዎች ነበሩ፤ «ደርግ የወሰደብንን ደርግን የጣለው ይመልሳል» ባዮች። ተስፋ የሚያስቆርጥ የቋንቋ ድክመት ነው። በ1987ቱ ሕገ መንግሥት አንቀጽ 40 መሬት የመንግሥትና የሕዝብ ብቻ ሆኖ ጸደቀ። አዲሱ ባለሥልጣን የደርግን ስም በየስብሰባው እየረገመ የደርግን ርስት ጠቀለለው፤ ዝምድናውን ካደ፣ ውርሱን ግን አልተወም።

ከተወረሱት ቤቶች ኪራያቸው አነስ ያለው ለቀበሌ ተሰጥቶ ነበር፤ ዛሬም ብዙ ሰው ይኖርባቸዋል። ማጀቱ ያፈሳል፣ መጸዳጃው የጋራ ነው። እዚያ ቤት ውስጥ ታዲያ አንድ ቀን ሰው በእውነት ይሞታል። ልጆች አሉ፣ ለቅሶ አለ፣ ሠልስት ይወጣል፤ በጥንቱ አማርኛ የሚፈለገው ሁሉ ተሟልቷል። ከአርባው በፊት ጠብ ይነሣል። ታላቅየው በኪራይ ደብተሩ ላይ ስሜ አለ ይላል። ታናሽየው አባቴን ያስታመምሁት እኔ ነኝ ይላል። እኅታቸው ከዐረብ አገር ደውላ የጣራው ቆርቆሮ በማን ገንዘብ እንደተቀየረ ታስታውሳቸዋለች። ተያይዘው ወረዳው ጽሕፈት ቤት ይሄዳሉ። ባለሙያው ፋይሉን ገልጦ ያያል፤ ቤቱ በ1967 ከማን እንደተወረሰ የመጀመሪያው ገጽ ላይ ተጽፏል። ፋይሉን ይከድንና፣ ፊቱ ላይ አንዲት የፈገግታ ምልክት ሳይታይ፣ «የመንግሥት ቤት አይወረስም» ይላቸዋል።