ብሩ የት ያድራል?

ከጥቅምት ጀምሮ እሸት ቡና ሲለቀም በእኛ ቀበሌ፣ ይርጋጨፌ በምትገኘው አሪቻ፣ ብር ይታያል። ቆርቆሮ ይገዛል፣ ሞተር ይገዛል፣ ሠርግ ይደገሳል። ክረምት ሲገባ ያው ገበሬ መጪውን ምርት ተስፋ አድርጎ ከነጋዴ ብድር ይጠይቃል። የይርጋጨፌን ቡና የሚያወድስ ሰው በዓለም ላይ ሞልቷል፤ ቡናውን ያበቀለው ሰው ግን ከዓመት ዓመት የሚያደርሰው ሌላ ገቢ የለውም። ይህ ነገር ከልጅነቴ ጀምሮ ያንገበግበኛል።

ብር አዋጥተን ከሕንፃ ኪራይ ገቢ እናግኝ የሚለውን ሐሳብ ያመጣው ሲያትል የሚኖረው የአክስቴ ልጅ ነው። እሱ ባለበት አገር አንድ አዘጋጅ ሕንፃ ያገኝና ከብዙ ሰው ገንዘብ ያሰባስባል። ሕንፃውን ገዝቶ የሚያስተዳድረው እሱ ሲሆን፣ ገንዘብ ያዋጡት ሥራው ውስጥ ሳይገቡ ከኪራዩ ድርሻቸውን ይወስዳሉ። እንዲህ ያለ ድርሻ የሚሸጠው አሜሪካኖች እ.ኤ.አ. በ1933 ባወጡት የሰነደ መዋዕለ ንዋይ ሕግ ሥር ነው። በዚያ አገር ተቆጣጣሪ ባለሥልጣን ሳያስመዘግቡ መሸጥ የሚቻልበት መንገድ ቢኖርም፣ በአመዛኙ የታሰበው ሀብት ላላቸው ሰዎች ነው። አንዱ መለኪያ ከመኖሪያ ቤት ሌላ ከ1 ሚሊዮን ዶላር በላይ ሀብት ነው። የአክስቴ ልጅ ይህን በስልክ ሲያብራራልኝ፣ እኔ የማስበው ሁለት ጥማድ የማይሞላ የቡናና የእንሰት ማሳ ይዘው ስድስት ልጅ የሚያሳድጉትን ጎረቤቶቼን ነበር።

ጊዜውም ደግ ነበር። መስከረም 2016 የጌዴኦ ባህላዊ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ ተመዝግቦ አገሩ ሁሉ እንግዳ ይመጣል እያለ ነበር። ዲላ ከተማ ላይ ከታች ሱቅ፣ ከላይ ለዩኒቨርሲቲው መምህራንና ለመንገደኛ የሚከራይ ክፍል ያለው ባለ ሦስት ፎቅ ሕንፃ ብንሠራ፣ ቡና ባይሰጥም ኪራይ ይሰጣል አልን።

ዲላ የሚገኝ አንድ የሕግ ባለሙያ ወረቀት አውጥቶ አስረዳን። ኃላፊነቱ የተወሰነ የግል ማኅበር ከ50 በላይ አባል አይይዝም፣ ድርሻውንም ለሕዝብ መሸጥ አይችልም። ከዚያ ካለፍን አክሲዮን ማኅበር መሆን ነው። አክሲዮን ለሕዝብ ለማቅረብ ደግሞ በአዋጅ ቁጥር 1248/2013 መሠረት ዝርዝር መግለጫ አዘጋጅቶ በኢትዮጵያ ካፒታል ገበያ ባለሥልጣን ማጸደቅ ግድ ነው። የኦዲተሩ፣ የጠበቃው፣ የአማካሪው ክፍያ ሲደመር የአንድ ቀበሌ ገበሬ የሚሸከመው አልሆነም። ስለዚህ የግል ማኅበር መረጥን። መግባት የፈለገው ግን ከ50 ይበልጥ ነበር።

አንዳንዱ «ሦስት ቤተሰብ በአንድ ሰው ስም ይግባ» አለ። አልተስማማሁም። ስሙ መዝገብ ላይ ያልሰፈረ ሰው ነገ ቢካድ ምን ይዞ ይከሳል? ለአክሰስ ሪል እስቴት ከፍለው ቤቱን ያላገኙ ገዢዎች ውልና ደረሰኝ ይዘው እንኳ ለዓመታት ተንከራትተዋል። በእጁ ቃል ብቻ ያለው ገበሬማ ምን ሊሆን ነው! የቀሩት ሰዎች ግን ተቀየሙኝ፤ አንዳንዶቹ ዛሬም ሰላምታቸው ቀዝቃዛ ነው። ገበሬውን ከአጭበርባሪ ለመጠበቅ የወጣ ሕግ ያንኑ ገበሬ ደጅ ሲያስቀረው ማየት ያማል። ለትንንሽ አዋጪዎች ቀለል ያለ መንገድ ሊበጅ ይገባል እላለሁ።

መዋጮው የተመከረበት ስብሰባ የተደረገው ሽማግሌዎች ነገር በሚያዩበት ሶንጎ ነው። እኔ ስለ ኪራይና ስለ ትርፍ ክፍፍል ስናገር ቆይቼ ስጨርስ፣ ከኋላ የተቀመጡ አንዲት እናት ተነሡ። ነጠላቸውን አጣፍተው በጌዴኦኛ ጠየቁ።

«ልጄ፣ ቡናዬን ይዤ ስሄድ ሚዛኑን ቆሜ አያለሁ፤ ደረሰኜን ተቀብዬ እመለሳለሁ። ይህ ብር ከእጄ ከወጣ በኋላ የት ነው የሚያድረው?»

«ባንክ ነው እማማ፤ በምሥረታ ላይ ባለው ማኅበር ስም፣ በዝግ ሒሳብ።»

«ማን ይከፍተዋል?»

«ማኅበሩ ተመዝግቦ ፈቃድ እስኪያወጣ ማንም አይከፍተውም። እኔም ብሆን።»

«ከዚያ በኋላስ?»

ለዚህ የተዘጋጀ መልስ አልነበረም። የመመሥረቻ ጽሑፉ ረቂቅ ሥራ አስኪያጁና ገንዘብ ያዡ ይፈርማሉ ይላል፤ ሁለቱም ከአደራጆቹ ወገን ናቸው። በእሳቸው ጥያቄ የተነሣ ሦስተኛ ፈራሚ ከአደራጆቹ ውጭ እንዲሆን ተወሰነ፤ ሒሳቡም በየዓመቱ ቡና ከተሸጠ በኋላ እዚያው ሶንጎ ላይ በጌዴኦኛ እንዲነበብ መመሥረቻ ጽሑፉ ውስጥ ገባ።

ከዚያ መሬት ፍለጋ ተጀመረ። አንድ ደላላ መሠረቱ ብቻ የወጣ የሊዝ ቦታ አለ ብሎ መጣ። በአዋጅ ቁጥር 721/2004 ከአዲስ አበባ ውጭ ለንግድ የሚሰጥ ቦታ ሊዙ እስከ 70 ዓመት ነበር፤ ግንባታው ግማሽ ሳይደርስ የሚተላለፍ ከሆነ ግን ሻጩ እንደፈለገው አያተርፍበትም ነበር። የደላላው መላ አጭር ነበር፦ «ሙሉውን ክፈሉና በውክልና እንጨርሰዋለን።» በክረምቱ ዝናብ ከይርጋጨፌ ዲላ፣ ከዲላ ይርጋጨፌ ፋይል አቅፈን ተመላለስን፤ የቦታው ካርታ ላስቲክ ውስጥ ሆኖ እንኳ ጠርዙ ረጥቦ ነበር። ከአደራጆቹ ሁለቱ «ዕድሉ ያመልጠናል» ብለው ሙሉውን ለመክፈል ተጣደፉ። ብሩ ግን በዝግ ሒሳብ ነበርና አልወጣም። ቆየት ብሎ ሲጣራ ባለቦታው የሊዝ ክፍያ ውዝፍ አለበት፤ በጊዜው ባለመገንባቱም ማስጠንቀቂያ ተጽፎበታል። በውክልና ከፍለን ቢሆን ኖሮ የስንት ቤተሰብ የቡና ብር ከዚያ መሠረት ሥር ተቀብሮ ይቀር ነበር።

በዚህ መሀል ሐምሌ 22 ቀን 2016 የውጭ ምንዛሪው በገበያ እንዲመራ ተወሰነ። 57 ብር ገደማ የነበረው ዶላር በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አለፈ። መሐንዲሳችን የፌሮውን፣ የሴራሚኩን፣ የኤሌክትሪክ ዕቃውን ዋጋ እንደ አዲስ ሲጽፍ ባለ ሦስት ፎቁ በያዝነው ብር የማይታሰብ ሆነ። የአክስቴ ልጅ ዶላሩ በብር ሲመነዘር በዛለትና ቀሪውን እኔ ልሙላ አለ። ደግነቱን አልጠራጠርም። ነገር ግን አብላጫውን ድርሻ አንድ ሰው ከያዘ ሶንጎ ላይ የሚነበበው ሒሳብ ለማን ነው? ይህን በስልክ ስነግረው ዝም አለ፤ በማግስቱ ራሱ ደውሎ ከሌላው አባል እኩል ይበቃኛል አለኝ።

ሕንፃውን ወደ አንድ ፎቅ አወረድነው። ዝግ ሒሳቡ ሳይነካ፣ መውጣት የፈለገ ያስገባውን ብር በቦታው ከሚገባው ሰው ሳይጎድል ይቀበል ተባለና አንዳንዱ ልጅ ለማስተማር፣ አንዳንዱ ለሕክምና ብሎ ወጣ። በለቀቁት ቦታ መጀመሪያ ደጅ የቀሩት ገቡ፤ የተቀየሙኝ ሁሉ ግን ተመልሰው አልመጡም። እኚያ እናት አልወጡም፤ ሦስተኛ ፈራሚ ሆነው ተመርጠዋል። ፊርማቸው የጣት አሻራ ስለሆነ ከባንክ ጋር የሚያስፈልገውን አጣርተን እየጨረስን ነው፤ ከዚያ የሚቀረው በደላላ ፈንታ ቦታ የምንፈልግበት የሊዝ ጨረታ ነው።