ድንቄም አርቲስት!

ወይ ዘንድሮ! እናንተ የእኔ ብጤዎች፣ ጉልበታችሁን በቅባት እያሻችሁ የምታድሩ፣ ኑ አብረን እንማረር። ዛሬ ጠዋት አንድ ዘፈን የለቀቀ ልጅ ማታ “አርቲስት” ይባላል። በነጋታው ቃለ መጠይቅ ይሰጣል፣ በሳልስቱ ስለ “ሙዚቃ ሕይወቱ” ይተርካል። ድንቄም ሕይወት! ገና ጢሙ እንኳ አልበቀለ።

እስቲ ቅዱስ ያሬድን አስቡ። በስድስተኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ አክሱም ላይ፣ ትምህርት አልገባው ቢል ዛፍ ላይ እየወጣች የምትወድቅ ትል አይቶ ነው አሉ ወደ መምህሩ የተመለሰው። በኋላማ ሲያዜም አፄ ገብረ መስቀል በተመስጦ ጦራቸውን እግሩ ላይ ተክለው፣ ወጊውም ተወጊውም አላወቁም ይባላል። ዜመኛ ማለት ይኼ ነው! የዛሬው ስልኩ ኪሱ ውስጥ ከነዘረ መድረኩን ጥሎ ይወጣል።

በእኛ ጊዜ ሙዚቀኛ ክብር ነበረው። አዝማሪ ማሲንቆውን ይዞ ሲገባ ቤቱ በእልልታ ይቀልጣል፣ ብር ግንባሩ ላይ ይለጠፋል። እርግጥ አንድ ክራር መቺ እህቴን ለትዳር ቢጠይቅ አጎቶቼ ዱላ ይዘው እስከ ቀበና ወንዝ አሳደውታል፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ክብር ሌላ፣ ጋብቻ ሌላ።

ጽናትም ነበር። ጥላሁን ገሠሠ የክቡር ዘበኛ ድምፃዊ ሳለ በ1953 ዓ.ም. የመፈንቅለ መንግሥቱ ሙከራ ከከሸፈ በኋላ ታሰረ፤ ወጣና ዘፈነ። የዛሬው አንድ ሰው ከተቸው “ዕረፍት ያስፈልገኛል” ብሎ ዱባይ ይሄዳል። መታሰር እንኳ ድሮ ቀረ!

ከሁሉ የሚያንገበግበኝ ግን የፈረንጅ ነገር መቀላቀሉ ነው። የእኛ ዘመን ሙዚቃ ንጹሕ ነበር፦ ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰል፣ አንቺ ሆዬ፤ በቃ። ራስ ተፈሪ መኮንን በ1916 ዓ.ም. ከኢየሩሳሌም አርባ ወላጅ አልባ የአርመን ልጆች ከነጥሩንባቸው አስመጡ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የብሔራዊ መዝሙሩን ዜማ ደረሰ፤ የወንድሙ ልጅ ነርሲስ ደግሞ በቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ቴአትር ሙዚቀኞቻችንን አሠለጠነ። እንዲህ ያለ ባዕድ ያልነካው የአገር ሙዚቃ ዛሬ ከየት ይመጣል?

ጌታቸው መኩሪያማ ሽለላን በሳክስፎን ሲያወርደው ፀጉሬ ይቆም ነበር። አባቴ፣ ነፍሳቸውን ይማርና፣ “ምንድን ነው ይኼ ጩኸት? ማሲንቆ አልቆ ነው?” ይሉ ነበር። ሽማግሌ ምን ያውቃል! እውነተኛው ጩኸት ኪቦርድ ነው። አንድ ልጅ ተቀምጦ ከበሮውንም ዋሽንቱንም በአንድ ጣቱ ይነካካዋል። ምነው፣ ሳክስፎን አልቆ ነው?

ወጣቱስ ቢሆን? የያኔው ወጣት ሕግ አክባሪ ነበር። በ1960ዎቹ መጀመሪያ ሸክላ የማሳተም መብት የሀገር ፍቅር ብቻ ነው ሲባል፣ አምኃ እሸቴ በሃያዎቹ ዕድሜው ክልከላውን ከቁብ ሳይቆጥር የራሱን ድርጅት ከፈተ። ዓለማየሁ እሸቴን አስቀረጸ፣ ቆየት ብሎ የሙላቱ አስታጥቄን ኢትዮ ጃዝ አሳተመ፤ ማንም አላስቆመውም። ጎበዝ! የዛሬ ልጅ ግን ታላቁን አይሰማም፣ ሕግ አይፈራም።

ቅርስ መጠበቅም አያውቅም። ያን ሁሉ ሸክላ ተከታትሎ “ኤትዮፒክስ” በሚል ተከታታይ አልበም ለዓለም ያሰማው ማን ሆነና? ፍራንሲስ ፋልሴቶ የሚባል ፈረንሳዊ! የአገሩ ልጅ የት ሄዶ ነው? እኔ እንደሆንኩ ዕቃ አያያዝ አውቃለሁ። ካሴት የመጣ ጊዜ ሸክላዎቼን በሙሉ ለልዋጭ ሰጥቼ ሁለት ሳፋ ወስጃለሁ፤ ሳፋዎቹ ዛሬም አልተሰነጠቁም።

እናም ወገኖቼ፣ ልጆቻችሁን ከስልክ አርቁልኝ፤ ሙዚቃ በስልክ አይሰማም። የጌታቸው መኩሪያ የድሮ ቅጂ ያላችሁ ደግሞ በቴሌግራም ላኩልኝ። ዛሬ ማታ ቢሆን ደግ ነው፤ የልጅ ልጄ ነገ ትምህርት ቤት ስለምትውል የሚከፍትልኝ ሰው የለም።