አራት ገቢር በሦስት ስኒ

ጀርመን የሚኖረው የአክስቴ ልጅ የፈረንጅ ፀደይ ሲቃረብ የከተማውን ኦፔራ ቤት ፕሮግራም በቴሌግራም መላክ ልማዱ ነው። ለማስቀናት ይሁን ለማስተማር እስካሁን አልለየሁም። በዘንድሮው ሲምፎኒ አለ፣ ባሌት አለ፣ የቨርዲ «አይዳ» አለ፤ ከግርጌው ደግሞ «እናንተ ጋስ ለፀደይ ምን ተዘጋጅቷል?» የሚል የራሱ ጥያቄ አለ። ልጁ ደሴ ሆጤ ተወልዶ ያደገ ነው። ደሴም ሆነች ኮምቦልቻ ኦፔራ ቤት እንደሌላቸው አሳምሮ ያውቃል። ቢሆንም ወሎዬ ጠያቂን «የለም» ብሎ አይሸኝም፤ ሌላው ቢጠፋ ቡና ያፈላለታል። እኔም ያለንን ልቆጥርለት ተነሣሁ።

የወቅቱ ነገር አስቀድሞ ይጥራ። በእነሱ ፀደይ፣ ከመጋቢት እስከ ግንቦት፣ እኛ የበልግ ዝናብ ጠባቂዎች ነን። መጋረጃው ይከፈት ይሆን ብሎ እንደ ወሎ ገበሬ ወደ ላይ የሚያንጋጥጥ ተመልካች የትም ኦፔራ ቤት አይገኝም። ከዚያ ሁዳዴ አለ። ረመዳንም በየዓመቱ ዐሥር ዐሥራ አንድ ቀን እየቀደመ ይመጣና አንዳንዴ ከሁዳዴው ጋር ይገጥማል። ያን ሰሞን ደሴ ላይ ዘፈን ከፍቶ የሚገኝ ሰው ወይ መንገደኛ ነው ወይ የሚኒባስ ረዳት።

ታዲያ ከተማው ዝም አለ ማለት አይደለም። በሁዳዴ ከበሮና ጸናጽል አርፈው ዜማው በመቋሚያ ዝማሜ ብቻ ይከርማል፤ የትንሣኤ ሌሊት ከበሮው ሲመለስ የሚሰማውን የጾመ ሰው ነው የሚያውቀው። ወዲያ ማዶ ደግሞ መንዙማ አለ፤ አንዱ ያወጣል፣ ሌላው ይቀበላል፣ ድቤው ከሥር ይመታል። የሁለቱም ርዝመት ከማታ እስከ ንጋት ነው። የአክስቴ ልጅ አንድ ጊዜ የቫግነር ኦፔራ ገብቶ «አምስት ሰዓት ሙሉ ተቀምጬ ወገቤ ተቆረጠ» ብሎ ጽፎልኝ ነበር። ተቀምጦ! ይህን ለአንድ የደብር መሪጌታ ብነግራቸው ለልጁ ጤና ጸሎት ያስይዙለታል።

አይዳን ለአክስቴ የተረክሁላቸው ልጃቸው በምን ላይ ዩሮ እንደሚያወጣ ይወቁት ብዬ ነው። ኦፔራ መጋረጃው ሳይገለጥ ኦርኬስትራው ብቻውን ትንሽ ይጫወታል፤ የአክስቴ ቡናም ዱዓ ሳይደረግ አይቀዳም። እስከዚህ ድረስ ተግባባን። ችግሩ አይዳ አራት ገቢር መሆኗ ነው፤ ቡናው አቦል፣ ቶና፣ በረካ፣ አለቀ። በአቦል ሁለት ገቢር ማጨቅ ነበረብኝ።

«አይዳ የኢትዮጵያ ንጉሥ ልጅ ናት፤ ተማርካ ግብፅ ውስጥ የፈርዖን ልጅ አገልጋይ ሆናለች። ራዳሜስ የሚባል የግብፅ ጦር አለቃ ይወዳታል፤ እሷም ትወደዋለች። የፈርዖን ልጅ አምኔሪስም ትወደዋለች። ራዳሜስ ዘምቶ ኢትዮጵያን ያሸንፍና የአይዳን አባት ማርኮ ይመጣል። ግን ንጉሥ መሆኑን አያውቁም፤ ተራ መኮንን ነኝ ብሏቸዋል።»

አክስቴ ስኒውን አስቀመጡ። «ንጉሥ ይዘው ንጉሥ መሆኑን አላወቁም? ሲቀመጥ አላዩትም?»

ከመስኮቱ ሥር የተቀመጡት ጎረቤታችን፣ ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር፣ የተናደዱት በሌላ ነው። «መቼ ነው ያሸነፉን?» አሉ።

«በድርሰት ነው መምህር።»

«እኮ፤ ማን አስደረሰው?»

መልሱን ከእኔ ይልቅ እሳቸው ያውቁት ኖሯል። ድርሰቱን ያዘዘው የግብፁ ገዥ ከዲቭ ኢስማዒል ነው፤ ካይሮ ላይ መጀመሪያ የታየው እ.ኤ.አ. ታኅሣሥ 24 ቀን 1871 ነው። አራት ዓመት ቆይቶ ያው ሰውዬ እውነተኛውን ጦር ሰደደ። «በመድረክ ሲያሸንፍ ጣመውና በሜዳ ሊደግመው መጣ» አሉ መምህሩ። «በ1875 ጉንደት ላይ፣ በ1876 ጉራዕ ላይ ግን ድርሰቱ የአፄ ዮሐንስ ነበር።» ይህን ብለው ፈንዲሻ ዘገኑ። ቨርዲ በሕይወታቸው እንዲህ ያለ ሂስ ደርሷቸው አያውቅም።

ቶና ላይ አባትየው አይዳን ይዞ «የግብፅ ጦር የሚያልፍበትን መንገድ ከወዳጅሽ አውጣጪ» ይላታል። እሷ ታለቅሳለች፣ ትዘፍናለች፣ ኋላ ትጠይቀዋለች፤ ራዳሜስም ይናገራል፤ ወዲያው ይያዛል። አክስቴ ለማንም አልራሩም። «አባትየው አልተሳሳተም» አሉ፤ «ልጅቷ ግን ሁለት ልብ ሆነች። ያ ወንድ ደግሞ ምኑ ወንድ ነው? የዘመቻ መንገድ እንደ ሰፈር ወሬ የሚዘራ!»

በረካው የሞት ገቢር ነው። ራዳሜስ ከቤተ መቅደሱ ሥር ከነነፍሱ ይቀበራል። ድንጋዩ ሲገጠም አይዳ አስቀድማ ገብታ ተደብቃ ያገኛታል፤ ሁለቱም እየዘፈኑ ይሞታሉ።

«አየር በሌለበት ይዘፍናሉ?»

«አዎን አክስቴ፤ ደግሞ ረጅም ነው።»

«በምን ቅኝት?»

እዚህ ላይ ነው የጀርመኑ ልጅ ቢኖር ያልሁት። በፈረንጅኛ ያለውን ለማስረዳት አፌን ስከፍት ቤቱ ተከፍሎ አገኘሁት። አክስቴ «እንዲህ ያለው ሞት የሚሄድለት በትዝታ ነው» አሉ። መምህሩ «የለም፣ የንጉሥ ልጅ ናት፤ አምባሰል ነው የሚገባት» አሉ። ቡና የምትቀዳው ልጅ ደግሞ ማንም ሳይጠይቃት ባቲ አለች። የአይዳን ነገር ረስተው በዚህ ተከራከሩ። እኔ ከመምህሩ ጋር ነኝ፤ ማሪቱ ለገሰ አምባሰልን ስትጫወት የሰማ ሰው ለዚያ ጉድጓድ ሌላ ቅኝት አይመርጥም። ማሪቱን ያወጣው የደርግ ዘመኑ የወሎ ላሊበላ ኪነት ቡድን፣ ለደሴ ኦፔራ ቤት ሳትሠራ ኦፔራ የሚተካ ነገር ሰጥቷታል ብል አላበዛሁም።

ከአራቱ ዋና ቅኝቶቻችን የሁለቱ ስም አውቶቡስ ተሳፍረው የሚደርሱበት አገር መሆኑን እኛው እንረሳዋለን። ባቲ ከኮምቦልቻ ወደ አፋር ሲወርዱ የምትገኝ፣ ገበያዋ ሰኞ ሰኞ የሚደምቅ ከተማ ናት። አምባሰል ከደሴ በስተሰሜን፣ የ1881 ዓ.ም. ውል የተፈረመባት ውጫሌ ያለችበት አገር ነው። ክራር መቺ ከአንዱ ወደ ሌላው ሲሻገር ቀርባችሁ እዩት። ጭንቅላቱን ወደ ክራሩ ይደፋል፤ አንዱን ክር ጠበቅ፣ ሌላውን ላላ ያደርጋል፤ በጣቱ ነካ አድርጎ ያዳምጣል፤ ፊቱን ያኮሳትራል፤ እንደገና ላላ። ድምፆቹ ያው አምስት ናቸው፤ የተለወጠው በመካከላቸው ያለው ርቀት ነው። በዚያች ቅንጣት ርቀት ሲስቅ የነበረ ቤት ዝም ይላል።

ቅኝቶቻችን በፒያኖም ተሞክረዋል። ሶፍያ የተማረው ግርማ ይፍራሸዋ «አምባሰል» የሚል የፒያኖ ድርሰት አለው፤ «ፍቅርና ሰላም» የሚል ትርጉም ባለው አልበሙ ውስጥ ይገኛል። የአክስቴ ልጅ ከላከልኝ ፕሮግራም ጎን ብናስቀምጠው የሚያፍር አይደለም። ፒያኖ ተጫዋቿ እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ ደግሞ ከዚያም ይብሳሉ። በልጅነታቸው ስዊዘርላንድ፣ ከዚያ ካይሮ ሙዚቃ የተማሩት እማሆይ ወጣት ሳሉ ወደ ግሸን ማርያም ገዳም ወጡ፤ እዚሁ አምባሰል። ዐሥር ዓመት ያህል በባዶ እግር ኖሩ። ፒያኖ ግሸን አልወጣም፤ ግሸን የወጣ ያውቀዋል፣ ሰው ራሱን ማውጣቱም ይበቃል። የመጀመሪያ ሸክላቸው ጀርመን የታተመው እ.ኤ.አ. በ1967 ነው፤ በመጋቢት 2015 ዓ.ም. ኢየሩሳሌም እስኪያርፉ ድረስ ዓለም ስማቸውን ሊጠራ ምላሱን ሲያለማምድ ነበር። ለልጁ «የእናንተ ሰዎች የሚያዳምጧት መነኩሲት ተራራ ከእናትህ መስኮት ትንሽ ወጣ ብሎ ነው» ብዬ ጻፍሁለት። ትንሽ የሚለው የወሎ ትንሽ ነው።

ወደ ዋናው ትርኢት ልለፍ። ፋሲካው አልፎ ዳግማይ ትንሣኤ ሲደርስ፣ ኢዱም ሲያልፍ፣ የሠርጉ ወራት ይከፈታል። ደሴና ኮምቦልቻ ያኔ በየቅዳሜ በየእሑዱ የሚያሳዩትን የሚያህል የየትም አገር ኦፔራ ቤት አያሳይም። መሪ ተዋናይት አለች፤ በጊዜ አትመጣም። ዘማሪ ሕዝብ አለ፤ ሳይጠና ይዘምራል። የሚያለቅሱ እናት አሉ። መሐል ላይ የሚጣላ አጎት አይጠፋም፤ እሱ ከሌለ ሴራው ይላላል።

ባሌትም አለን። የእነሱ ባሌሪና ወደ ላይ ለመሸሽ በጣቷ ጫፍ ትቆማለች፤ የእኛ ሰው እግሩን መሬት ላይ ተክሎ ያለውን ሁሉ ለትከሻው፣ ለአንገቱ፣ ለደረቱ ያስረክባል። አንድ የኮምቦልቻ ሠርግ ላይ ጉልበታቸውን የሚያማቸው፣ በከዘራ የገቡ ሽማግሌ ወንበራቸው ላይ እንደተቀመጡ እስክስታ ሲመቱ አይቻለሁ። ከዘራውን ጭናቸው ላይ አጋደሙት፤ ነጠላቸው ተንሸራተተ፤ ትከሻቸው ግን የሃያ ዓመት ነበር። ሙዚቀኛው ኪቦርዱን ትቶ በእጁ ብቻ አጨበጨበላቸው። ባሌት ላይ ተቀምጦ ስለሚጨፍር ሰው አላነበብሁም።

ከጣልያን የደረሰን የሙዚቃ ነገር ምንድን ነው ቢሉኝ ቨርዲ ሳይሆን ሞንታርቦ ነው። አገሩ ጣልያን የሆነው ይህ የድምፅ ማጉያ የማይተከልበት ድንኳን የለም፤ ሲተከልም አፉን የሚያዞረው ወደ ሠርገኛው ብቻ ሳይሆን ወዳልተጠራው ሰፈር ጭምር ነው። ስለዚህ ትርኢቱን ለማየት ጥሪ ያስፈልጋል፤ ለመስማት ግን አልጋ ላይ መተኛት ይበቃል፣ እንቅልፍ ካልፈለጉ።

የአለባበሱን ደንብ ልጁ አጥብቆ ጠይቆኛል፤ እዚያ ጥቁር ሱፍ ይለበሳል አሉ። እዚህም ይለበሳል፣ ግን እስከ ሐረጎ ቁልቁለት ነው። ደሴ ከ2,400 ሜትር በላይ ናት፤ የጦሳ ተራራ ብርድ ያለ ካፖርት አያስወጣም። ኮምቦልቻ ወደ 25 ኪሎ ሜትር ወርዳ ከ1,800 ትንሽ ከፍ ያለች ናት። የሠርግ መኪና ሐረጎን ሲወርድ በመጀመሪያው ጠመዝማዛ ካፖርት ይወልቃል፣ በመሐሉ ኮት፣ ታች ሲደረስ ክራቫት። ማታ ሲወጡ ደግሞ ያው በተቃራኒው፤ ያኔ ግን የማን ካፖርት የማን እንደሆነ አይታወቅም።

የሰዓቱ ነገር የቀረ ነው። ኦፔራ ቤት ያረፈደ ሰው በር ተዘግቶበት እስከ ዕረፍት ደጅ ይቆማል አሉ። አይዳ ራሷ ግን አርፍዳለች፤ ካይሮ ላይ በ1871 መጀመሪያ ልትታይ ታስባ፣ አልባሳቷና ዕቃዋ ጦር በከበባት ፓሪስ ተይዞባት እስከ ታኅሣሥ ቆየች። ኮምቦልቻ ላይ የሚቀጣው ያረፈደ ሳይሆን በሰዓቱ የመጣ ነው። ጥሪው ስድስት ሰዓት ይላል። በስድስት ሰዓት ድንኳኑ ደጃፍ ወንበር የጫነ አይሱዙ ቆሟል፤ ሙሽሮቹ ገና ፎቶ ላይ ናቸው፤ አንድ የማያውቁት ሰው ከላይ ሆኖ «ወንድሜ፣ ያችን ተቀበለኝ» ይላል። ኮት አውልቀው ወንበር ሲያወርዱ ስምንት ሰዓት ይሆናል። አክስቴ ይህን ስለሚያውቁ ለስድስት ሰዓት ጥሪ በስድስት ሰዓት ደሴ ላይ ጀበና ይጥዳሉ፤ በረካው ሳይጠጣም ከቤት ንቅንቅ አይሉም።